ምሰሶው የጋረደብኝ ጎል

እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመር የሊግ ጨዋታ በቴሌቪዥን በቀጥታ አይተላለፍም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የዘለቀ ደንብ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ትልልቆቹን ክለቦች እያየ የሰፈሩን ሜዳ ባዶ እንዳያስቀር ታስቦ የወጣ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 የሊቨርፑል ከተማው ክለብ ኤቨርተን ሌስተር ሲቲን ሲያስተናግድ፣ አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት የተቀመጠ ደጋፊ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ጨዋታውን በቀጥታ ማየት ይችል ነበር። ከኤቨርተን ስታዲየም ከጉዲሰን ፓርክ በር ፊት ለፊት የሚኖረው ሰው ግን መንገዱን ተሻግሮ መግባት ነበረበት። ያን ቀን ከተሻገሩት ጋር አብሬ ተሻግሬያለሁ፤ ስለ ኳስ የነበረኝ ሐሳብም ከዚያ ወዲህ ሌላ ሆኗል።

ከሊቨርፑል ከተማ መሀል ተነስቼ በእግሬ ነበር የሄድኩት። የሊቨርፑል ክለብን ስታዲየም አንፊልድን አልፌ ስታንሊ ፓርክ የሚባለውን መናፈሻ ሳቋርጥ፣ ሁለቱን ባላንጣ ክለቦች የሚለያያቸው ይኸው መናፈሻ ብቻ እንደሆነ አየሁ። ከዚያ ስታዲየሙን በዓይኔ ፈለግሁት፤ የለም። ያለው ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ የጡብ ቤት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ የጡብ ቤት፣ ሌላ ጠባብ መንገድ። አንዱን ማዕዘን ስዞር ከጣሪያዎቹ በላይ ሰማያዊ ግድግዳ ድንገት ብቅ አለ። ከቤቶቹ መስኮት እስከ ስታዲየሙ ያለው ርቀት የአንድ መንገድ ስፋት ነው። ደጃፋቸው ላይ ቆመው አላፊውን በስሙ እየጠሩ ሰላም የሚሉ ሽማግሌዎች፣ አባቶቻቸው ትከሻ ላይ የተፈናጠጡ ሕፃናት፣ የፖሊስ ፈረሶች፣ ኮምጣጤ የተረጨበት የድንች ጥብስ ሽታ፣ ሁሉም በዚያች መንገድ ላይ ተፋፍጓል።

ሜዳው ሰፈር መሀል የተሠራው በምክንያት ነው። በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ አስገደደ። ልማዱ ወደ ሌሎቹ ሙያዎች ሲዛመት ሠራተኛው የራሱ የሆነ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አገኘ። ከሥራ ወጥቶ በእግሩ የሚደርስበት ሜዳ ያስፈልገው ነበርና ሜዳው ወደ ቤቱ ተጠጋ። ኤቨርተንም በ1878 ከአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የተወለደ ቡድን ነው። አንፊልድ ላይ ይጫወት ነበር፤ በ1892 ከቦታው ባለቤት ጋር በኪራይ ተጣልቶ ወጣና ጉዲሰንን ሠራ። ባዶውን የቀረውን አንፊልድ ለመሙላት የተቋቋመው ክለብ የዛሬው ሊቨርፑል ነው።

የስታዲየሙ አንደኛው ማዕዘን ላይ የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሁለት ትሪቡኖች (የተመልካች መቀመጫ ክፍሎች) ግራና ቀኝ አቅፈውታል። አዳራሹ ውስጥ ሻይ የቀዱልኝ አሮጊት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው፣ “ከሩቅ ነው የመጣኸው ልጄ፤ ዛሬ ያሸንፉልሃል” አሉኝ።

ትኬቴ ቡለንስ ሮድ በተባለው ትሪቡን ነበር። በ1926 የተሠራ ነው። የነደፈው አርቺባልድ ሊች ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ፋብሪካ ሲነድፍ ቆይቶ ወደ ስታዲየም የገባ ሰው ነው፤ በፎቁ ግንባር ላይ እንደ መስቀልያ የተጠላለፉት ብረቶች እንደ ፊርማው ይቆጠራሉ። ኦልድ ትራፎርድንም፣ የአርሴናልን ሃይበሪንም፣ ስታምፎርድ ብሪጅንም የነደፈው እሱ ነው። ማንቼ (ማንችስተር ዩናይትድ)፣ አርሴናል፣ ቼልሲ እያልን ዕድሜያችንን ስንከራከር የኖርንባቸው ክለቦች ቤታቸው ከአንድ ሰው እጅ የወጣ ነው።

ወንበሩ እንጨት ነው፤ ስትነሣ ቋ ብሎ ይታጠፋል። ከፊቴ ጣሪያውን የተሸከመ የብረት ምሰሶ ቆሟል። ጨዋታው በተጀመረ በ10 ሰከንድ ገደማ የኤቨርተን ግብ ጠባቂ ጆርዳን ፒክፎርድ በረዥሙ የላከውን ኳስ አብዱላዬ ዱኩሬ ተከትሎ አስቆጠረ። በክለቡ የፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ፈጣኑ ጎል ነው። እኔ አላየሁትም፤ ምሰሶው ጋረደብኝ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ፣ የማላውቀው ሰው አንገቴን ሲያቅፈኝ ነው ጎል መግባቱን ያወቅሁት። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ትከሻዬን ያዙና፣ “ኳሱ ወደዚያ ሲሄድ ወደ ግራ ዘንበል በል፤ ሲመለስ ወደ ቀኝ። እኔን አባቴ ነው ያስተማረኝ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ሳይ ረድፉ በሙሉ እንደዚያ ያደርጋል። ማሕሌት ላይ እንደቆሙ ደብተራዎች አንድ ላይ ወደ ግራ፣ አንድ ላይ ወደ ቀኝ ዘመም ይላል። ኤቨርተን 4 ለ 0 አሸነፈ፤ የቀሩትን ሦስቱን ዘንበል እያልኩ አየኋቸው።

ከጎሉ ጀርባ ያለው ግላዲስ ስትሪት የተባለው ትሪቡን የጉዲሰን ካታንጋ ነው፤ ጩኸቱ የማያባራ የደጋፊዎች ቦታ። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ይህ ሜዳ ዝም ብሎ ያረጀ ሜዳ አይደለም። የኤቨርተኑ አጥቂ ዲክሲ ዲን በ1928 የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ አርሴናል ላይ ሦስት አስቆጥሮ የዓመቱን የሊግ ጎሎቹን 60 ያደረሰው እዚህ ነው፤ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ የደረሰበት የለም። በ1980 ያው ሰው ኤቨርተን ከሊቨርፑል ሲጫወት ሊያይ መጥቶ እዚሁ ስታዲየም ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ሰሜን ኮሪያ 3 ለ 0 እየመራች ሳለ ዩሴቢዮ 4 ጎል አግብቶ ፖርቱጋልን 5 ለ 3 ያሻገራትም እዚሁ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ልቤን የነካው ሌላ ነገር ነው። የሞቱ ደጋፊዎች አመድ በቤተሰቦቻቸው ጥያቄ ከሜዳው ዳር ተቀብሯል። ቁጥራቸው በመቶዎች ነው፤ ክለቡ በ2004 ቦታ ስላለቀ ነው ያቆመው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ አፓርታማ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሌሎች ግን ሠርተዋል። ሃይበሪ መኖሪያ ቤት ሆኗል። የዌስትሃም አፕተን ፓርክ፣ የማንችስተር ሲቲ ሜይን ሮድ ፈርሰው በቦታቸው ቤት ተሠርቷል። የጉዲሰንም ዕቅድ ለዓመታት ይኸው ነበር። ኤቨርተን ወንዶች ሜይ 18 ቀን 2025 ሳውዝሃምፕተንን 2 ለ 0 አሸንፈው ተሰናበቱና ወደብ ዳር ወደተሠራው፣ ከ52 ሺህ በላይ ተመልካች ወደሚይዘው አዲስ ስታዲየም ገቡ። በዚያው ወር ግን ክለቡ ሐሳቡን ለውጦ ጉዲሰን እንደማይፈርስና የሴቶች ቡድኑ ቤት እንደሚሆን አስታወቀ። ኳስ መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ አንድ የእንግሊዝ ክለብ ከወሰናቸው ውሳኔዎች ይህን የሚያህል አላውቅም።

አሮጌ ሁሉ ይቆይ ማለቴ አይደለም። በ1985 ብራድፎርድ ውስጥ የእንጨት ትሪቡን በእሳት ሲጋይ 56 ሰው ሞቷል። በ1989 ሂልስቦሮ ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች በብረት አጥር ውስጥ ተጨፍልቀው 97 ሰዎች አልቀዋል፤ የዚያ ሐዘን በዚህች ከተማ ሰማያዊ (ኤቨርተን) እና ቀይ (ሊቨርፑል) አይለይም። ወንበር ቁጥር ያገኘው፣ አጥሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ለደኅንነት ሲባል መፍረስ ያለበት ይፍረስ፤ አዲስም ይሠራ። ለገንዘብ ሲባል ግን መሬቱን ሸጦ የሰፈሩን ሰው ከክለቡ መነጠል ሌላ ጉዳይ ነው።

የማንቼ ደጋፊ ወንድሞቼና እህቶቼ ይህን አስቡበት። ክለባችሁ በማርች 2025 ከኦልድ ትራፎርድ ጎን 100 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ለመሥራት ማቀዱን ይፋ አድርጓል፤ አዲሱ ሲያልቅ አሮጌው ይፈርሳል ተብሎ ይጠበቃል። ኦልድ ትራፎርድ በ1910 የተከፈተ ነው። በ1941 በጀርመን ቦምብ ተመትቶ ክለቡ እስከ 1949 በሲቲ ሜዳ በእንግድነት ሲጫወት ኖሮ ተመልሶ የገባበት ቤት ነው። ጦርነት ያላስለቀቀውን ቤት በገዛ እጅ ማፍረስ ከባድ ነው። ኤቨርተን ያደረገውን ማድረግ ይቻላል፤ ሙሉውን እንኳ ባይሆን አንዱን ትሪቡን ትቶ ለሴቶቹና ለታዳጊዎቹ መስጠት ይቻላል። ከእኛ ይልቅ የሚሰሟቸው የራሳቸው ደጋፊዎች ስለሆኑ ጩኸቱ ከዚያ መጀመር አለበት።

ወደ እንግሊዝ የመሄድ ዕድል ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ጨዋታ በሌለበት ቀን በአስጎብኚ ገብቶ ባዶ ወንበር ፎቶ አንስቶ ይወጣል። ጉዲሰን ሴቶቹ ሲጫወቱ ትኬቱ የወንዶቹን ያህል አይወደድም። እኔ ውድድሩ ሲጀመር ተመልሼ ሄጃለሁ። የቅዱስ ሉቃስ ግንብ እዚያው ነው፤ የቤቶቹ በሮች ክፍት ናቸው። ሁለት ረድፍ ከፊቴ ሰማያዊ ማሊያ የለበሰች የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ወንበሯ ላይ ቆማለች። ከፊቷ ምሰሶ አለ። ኳሱ ወደዚያ ሲሄድ ወደ ግራ ዘንበል አለች፤ ሲመለስ ወደ ቀኝ።