አራተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም

ሰሞኑን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ጨዋታው ኮንዶሚኒየም ላይ አረፈ። ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ዕጣ ወጥቶላቸው አራተኛ ፎቅ ደርሷቸዋል። እንኳን ደስ ያለዎት ሲባሉ፣ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ብለው ዝም አሉ።

አጠገባቸው የነበረው ወጣት መሐንዲስ፣ «አባባ፣ መኖሪያ ለመኖሪያ ነው፤ ሥራ በሼድ ይሠራል። ዘመናዊ አኗኗር እንዲህ ነው» አላቸው። ዘመናዊ ከምትለው ቃል ሌላ ማስረጃ አላመጣም።

አዛውንቱ በእርጋታ አስረዱት። ሸማኔ ከቤቱ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ በእጁ መወርወሪያውን ይልካል። ሚስት እዚያው ጥግ ላይ ትፈትላለች፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክር ያጠነጥናል። «ይህን ቤተሰብ ለሁለት ከፍዬ ሼድ ልውሰደው?»

«ጉድጓድ የማይፈልግ የእንጨት መሸመኛም አለ» አለ ወጣቱ። አለ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሲንቋቋ ከታች ያለው ጎረቤት ይችለዋል?

እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናትም ጣልቃ ገቡ፦ «ልጄ፣ በቀበሌ ቤቴ በሬን ከፍቼ ስቀመጥ ደንበኛ ያየኝ ነበር። አሁን ለአምስት እንጀራ ሦስተኛ ፎቅ ማን ይወጣል? የባንኩ ዕዳ ግን በየወሩ ይጠብቀኛል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።»

ወጣቱ ምድር ላይ የንግድ ቤቶች መሠራታቸውን አነሣ። እነዚያ የሚሸጡት በጨረታ ነው፤ ጨረታ ደግሞ የእንጀራ ጋጋሪ ሜዳ አይደለም። ከፊት መሥሪያ፣ ከኋላ ማደሪያ ያላቸው ቤቶች ምድር ላይ ተሠርተው ለባለሙያዎች በዕጣ ቢሰጡ ምን ይጎድላል? የፒያሳ አሮጌ ሕንፃዎች ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ሆነው የከተማው መኩሪያ ነበሩ። ያን ጊዜ ኋላ ቀር ያላቸው የለም፤ ነውር የሆነው ድሀ ሲጠይቀው ነው።

ነገሩ ከቤት አሠራርም ያልፋል። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅ እንዳይሰደብ ካወጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ንቀቱ ግን ከአፋችን ወደ ፕላናችን ተዛወረ። ፕላን የሚያወጣው ሰው መኪና ማቆሚያ ይለካል፤ የሸማኔ ጉድጓድ ትዝ አይለውም። ጥምቀት ሲደርስ ግን ሁላችንም ሽሮ ሜዳ ሄደን ጥለቱ ያማረውን ስንመርጥ እንውላለን፤ በዋጋውም እንከራከራለን፤ ሠሪው የት ተቀምጦ እንደሸመነው ግን አንጠይቅም።