ጳጉሜን ግንቦት የሚያደርግ ሶፍትዌር

ሰሞኑን አራት ኪሎ በተካሄደ ስብሰባ አንድ የሥራ ኃላፊ የየክፍለ ከተማው የቆየ መዝገብ በአንድ ሌሊት ወደ አዲሱ ሲስተም እንደሚገለበጥ፣ ሶፍትዌሩም የድሮውን መዝገብ ዓምዶች ከአዲሱ ጋር ራሱ ስለሚያዛምድ የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን መጠበቅ እንደማያስፈልግ ተናግረዋል። ማስረጃቸው? ስክሪኑ ላይ ሁሉም ዓምዶች አረንጓዴ ሆነዋል!

አረንጓዴው የሚለው የዓምድ ስም ከዓምድ ስም ገጠመ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ፒያሳ በ1980ዎቹ መጨረሻ በተከፈተ ፋይል ላይ ያለው «ወረዳ» እና ዛሬ በአራዳ ክፍለ ከተማ ሥር ያለው «ወረዳ» ምን አገናኛቸው? ክፍለ ከተማ የመጣው በ1995 ነው። ቃሉ አንድ፣ ሰፈሩ ሌላ።

የቀኑ ጉዳይ ይብሳል። ጳጉሜን 5 ቀን 2012 የተወለደ ልጅ መዝገቡ ላይ 05/13/2012 ተብሎ ተጽፏል። 13ኛ ወር የማያውቅ ፕሮግራም ቀኑንና ወሩን ገልብጦ ሜይ 13 ቀን 2012 ያደርገዋል፤ በእኛ ግንቦት 5 ቀን 2004 መሆኑ ነው። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2020 ነበር። ሕፃኑ 8 ዓመት ከ4 ወር ተጨመረበት፣ ማስጠንቀቂያ ግን የለም። ጥቅምት 30፣ ማለትም 30/02፣ ሲመጣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ባዶ ይተወዋል፤ ይህ እንኳ ይሻላል፣ ባዶ ቦታ ዓይን ይስባል። መስከረም 5 ግን ጃንዋሪ 5 ሆኖ ሰተት ብሎ ይገባል። ዓመቱ ላይ 8 መደመር ይበቃል የሚሉም አሉ። አይበቃም! ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጁ ዲሴምበር 31 ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው፤ እንቁጣጣሽም አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ይውላል። በዚያ ላይ በአንድ ዓምድ ውስጥ የእኛም የፈረንጁም አቆጣጠር ተደባልቆ አለ። የትኛው የቱ እንደሆነ የሚለየው ፋይሉን የሚያውቀው ሠራተኛ ነው፤ ያው «አያስፈልግም» የተባለው።

ስምም አለ። ሙሉ ስምን በክፍተት የሚቆርጥ ደንብ «ገብረ ማርያም ተስፋዬ»ን ሲያገኝ ማርያምን አባት፣ ተስፋዬን አያት ያደርጋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጽሑፍ ሳይነካ በተለየ ዓምድ ይቀመጥ። ያልገባ ረድፍ ሁሉ ከነምክንያቱ ለብቻው ይውጣ። ከየክፍለ ከተማው ቢያንስ 200 ፋይል በዕጣ ከመደርደሪያ ወርዶ ከስክሪኑ ጋር ይመሳከር፤ የጳጉሜን ልደቶች ግን አንድም ሳይቀር። የትኛው የድሮ ዓምድ ወደ የትኛው አዲስ ዓምድ እንደሚሄድ በሚያሳየው የማዛመጃ ሠንጠረዥ ላይ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ይፈርሙ። ይህ ሳያልቅ አንድም የወረቀት ፋይል ከመደርደሪያው እንዳይነሳ።