የድሬን ገጽታ ያበላሸው ፎቶ አንሺው ነው እንዴ?

ሰሞኑን አንድ ኃላፊ በስብሰባ ላይ የተናገሩት ነገር ድሬን ሲያነጋግር ሰንብቷል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ራፕ የሚለማመዱ ልጆችን፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚስሉትን እየዞረ ፎቶ የሚያነሳ ወጣት አለ። እሱን ነው "የከተማዋን ገጽታ እያበላሸ ነው" ያሉት። ከእንግዲህ መንገድ ላይ ካሜራ የሚያወጣ ሁሉ ፈቃድ ይያዝም ብለዋል። አቦ፣ ተዉን እንጂ!

ምክንያቱ ደግሞ ይብሳል። ከልጆቹ ጀርባ የተላጠ ግድግዳ ስለሚታይ ኢንቨስተር ይሸሻል አሉ። የትኛው ኢንቨስተር ነው ነፃ የንግድ ቀጠናውን ትቶ የራፐር ፎቶ ላይ ልስን የሚመረምረው? ግድግዳው ካሳፈራችሁ ቀለም ቀቡት። ከስብሰባ አበል ይረክሳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሐረር ሄዳችሁ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት ግቡ። የጥንቷን ሐረር ፎቶ ቱሪስት ከፍሎ ያያል። ራምቦ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1883 ካሜራ አስመጥቶ እዚያው ሐረር ፎቶ ያነሳ ነበር። ቡና መሃል ቆሞ ራሱንም አንስቶ ለእናቱ ልኳል። ፈረንጅ ሲያነሳን ቅርስ፣ የሰፈር ልጅ ሲያነሳን ገጽታ ማበላሸት!

ወደ ራሳችን እንምጣ። ዓሊ ቢራ የድሬ ልጅ ነው። አፍራን ቀሎም እዚሁ ድሬ የተመሠረተ የሙዚቃ ቡድን ነው፤ ዓሊ የገባበት ገና በልጅነቱ ነው። ያኔም ልጆቹን በክፉ ዓይን የሚያይ ባለሥልጣን አልጠፋም፤ ቡድኑ በንጉሡ ዘመን ታግዷል። ዓሊ በ2015 ሲያርፍ ግን ሁሉም "የኛ ነው" አለ። እሺ፣ የናንተ ከሆነ ፎቶው የታል? ሠርግ ላይ ሲጫወቱ፣ ግቢ ውስጥ ሲለማመዱ፣ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሚሰማቸው ጎረምሳ፣ የሚቆጡት አባት፣ የታሉ? ዘፈኑን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ሰፈሩን ግን ሽማግሌ ካልነገረን አናየውም። ዛሬ ከዚራ ከሚጮኹት ልጆች ማን ነገ ዓሊ እንደሚሆን ኃላፊው ያውቃሉ? ያኔም ያወቀ አልነበረም።

ሳትፈቅድ ፎቶ የተነሳች እናት ብትቆጣ ልክ ናት። ልጁን ትጠራዋለች፣ ያጠፋዋል፣ አለቀ። ለዚህ ማኅተም አያስፈልግም።

መመሪያው ገና በወረቀት አልወጣም። የግድ ይውጣ ካሉ ደግሞ የመጀመሪያውን ፈቃድ ለራሳቸው ሰው ይስጡት፤ ኃላፊው ከመኪና ሲወርዱ ጀምሮ መንገድ ላይ እየተከተለ ሲያነሳቸው ለዋለው።