አክተሩን ብቻ ለሚያዩ ክቡር ተመልካች የቀረበ ውዳሴ

በመጀመሪያ ለክቡርነትዎ አውራ ጣት ምስጋና ይድረስ። ብዙ ሰው የተሰበረበትን የአንድ ሰዓት ተኩል የኩንግ ፉ ፊልም ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨርሶ የሚነሳ ጣት እንደዋዛ የሚገኝ አይደለም። ወሬ ሲጀመር ፎርዋርድ፣ ሽማግሌ ሲገባ ፎርዋርድ፣ ቀልደኛው ሲንሸራተት ፎርዋርድ፤ አክተሩ ሸሚዙን ሲያወልቅ ብቻ ጣትዎ ያርፋል። በቪዲዮ ቤት ዘመን ይህ ጸጋ አልነበረም። ሪሞቱ ከባለቤቱ እጅ ስለማይወጣ ሕዝበ አዳም ሽማግሌውንም ቀልደኛውንም በግዱ ያይ ነበር። ተመስገን፣ ስልክ መጥቶ ነጻ አወጣዎት።

ዕውቀትዎም ከቅልጥፍናዎ አያንስም። “ማን የሠራው ነው?” ሲባሉ መልስዎ ብሩስ ሊ ነው፤ እሱ ካልሆነ ጃኪ ቻን፤ ሁለቱንም ካልመሰለ የብሩስ ሊ ወንድም። ብሩስ ሊ በሐምሌ 1973 ሲያርፍ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) በመሪነት ሠርቶ የጨረሳቸው የኩንግ ፉ ፊልሞች አራት ብቻ መሆናቸው አያግድዎትም። ነጋዴዎቹም ጠባይዎን ቀድመው አውቀውታል፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ አስመሳዮቹን፣ ብሩስ ሌን፣ ድራገን ሊን፣ ሌሎችንም መነጽር አድርገው፣ ፀጉር አስተካክለው አቀረቡልዎ። አልተከፉም።

በዚያው በ1973 በወጣው “ኢንተር ዘ ድራገን” መጨረሻ ላይ፣ መስታወት ቤት ውስጥ ከብሩስ ሊ ጋር የሚተናነቀውን ሰውዬ “ያ እጀ ቆራጣ ሽማግሌ” ብለው ማለፍዎ ብዙ ድካም አትርፎልዎታል። ስሙ ሴክ ኪን ነው፤ ያኔ 60 ዓመቱ ነበር። ክዋን ታክ-ሂንግ ከ1949 ጀምሮ ዝነኛውን የኩንግ ፉ መምህር ዎንግ ፌይ-ሁንግን ሆኖ በተጫወተባቸው ፊልሞች ውስጥ ክፉውን ሰው ሲሠራ የኖረ ነው፤ የሆንግ ኮንግ ልጆች እሱን እየረገሙ አድገዋል። በእንግሊዝኛ የሚሰሙት ድምፅ ደግሞ የእሱ አይደለም፤ ኬይ ሉክ የሚባል ሌላ ተዋናይ ነው የተናገረለት። ስለዚህ በአንድ ጣት ሁለት ተዋናይ አሳልፈዋል።

ከሁሉ በላይ የሚደነቁት ግን መቺውን ብቻ በማየትዎ ነው። ተመቺው ምን ሥራ አለው? ፊት ላይ የሚሰነዘር ቡጢ ብዙውን ጊዜ ከጉንጭ ርቆ ነው የሚያልፈው፤ ካሜራው ከአንዳቸው ትከሻ ኋላ ስለሚቆም ክፍተቱ አይታይም፤ የቀረው ሁሉ የተመቺው ዕዳ ነው። አንገቱን ቡጢው በሚያልፍበት ቅጽበት ማዞር አለበት። ቀድሞ ካዞረ ዱላውን ሲጠብቅ እንደነበር ያስታውቅበታል፤ ከዘገየ ወይ ቀረጻው እንደገና ይጀመራል፣ ወይ ጥርሱ ይረግፋል። ደረት ላይ ሲሆን ግን ምቱ ብዙ ጊዜ የምር ነው። ከልብሱ ሥር ስስ መከላከያ ይገባል፣ ከላዩ ዱቄት ይነሰነሳል፤ እግሩ ሲያርፍ አቧራው ቡን ይላል፣ ክቡርነትዎም “ወይ እግር!” ይላሉ። ዱቄቱን የተሸከመው ግን ሌላ ነው። ከዚያ መውደቅ አለ። አገጭ ደረት ላይ ይለጠፋል፣ ትንፋሽ ይወጣል፣ ማረፊያው የትከሻ ጀርባ ነው፤ እጁን ቀጥ አድርጎ መሬት የተደገፈ አንጓውን ይሰብራል። ካሜራው በሴኮንድ 20 ፍሬም ቀርጾ በ24 ሲታይ ደግሞ ሁሉ ነገር በአንድ አምስተኛ ይፈጥናል። ተመቺው ሕመሙን ፊቱ ላይ ቆየት ካላደረገው፣ ሳያመው የተነሳ ይመስላል፤ ያን ጊዜ የአክተሩ ቡጢ የውሃ ቡጢ ሆነ ማለት ነው።

እንዲያውም ብሩስ ሊ በአየር ላይ ሲገለባበጥ ያጨበጨቡለት ሰው ዩን ዋ ይባላል። የዝላይ ምትኩ እሱ ነበር። ኋላ ራሱ ሲጋራውን ነክሶ፣ ጥርሱን ፈልቀቅ አድርጎ ክፉ ሰው ሆኖ ሲመጣልዎ ግን በፎርዋርድ ሸኙት። ጭብጨባው ለሌላ፣ ጣቱ ለእሱ፤ ፍትሕ ይሏል ይህ ነው!

ወደ “ድራንክን ማስተር” እንምጣ፤ 1978። ቀይ አፍንጫ፣ የተንጨባረረ ነጭ ፀጉር፣ ከእጁ የማይለይ የአረቄ ቅል የያዘው መምህር ዩን ሲዩ-ቲየን ነው፤ የዳይሬክተሩ የዩን ዉ-ፒንግ ወላጅ አባት። ሲሠራው ከ65 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፊልሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ አርፏል። የወጣትነት ዘመኑን ከቻይና ኦፔራ ጋር ያሳለፈ ሰው ስለሆነ ሲንገዳገድ እግሩን ልብ ብሎ ላየው፣ ላይኛው አካሉ ሰክሮ ታችኛው አልሰከረም። እርስዎ ግን ሥልጠናውን ለምን ያዩታል? ውኃ በትንንሽ ስኒ ሲቀዳ፣ ልጁ፣ ማለትም አክተሩ ጃኪ ቻን፣ ቁልቁል ሲንጠለጠል ማየት ምን ይረባል? እዚህ ላይ ከአክተሩ ጋር ያለዎት ዝምድና ይገርማል። መምህሩ የስምንቱን ሰካራም አማልክት ስልት ሲያስተምረው፣ ስምንተኛዋ ሴት ስለሆነች “ይቺ የሴት ናት” ብሎ ዘለላት። መጨረሻ ላይ ከሁዋንግ ጃንግ-ሊ ጋር ሲገጥም (ኮሪያዊው የቴኳንዶ ሰው፣ እግሩ ከሰው እጅ የሚፈጥን) የጎደለችው ያቺው ነበረች፤ እዚያው ዱላ ላይ ሆኖ ከራሱ ፈጥሮ ሞላት። እሱ አንዷን ብቻ ቢዘል ነው ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣበት። ክቡርነትዎ ስምንቱንም ዘልለው “መጨረሻው ላይ ለምን እንደ ሴት ይሽኮረመማል?” ብለው መጠየቅዎ የሊቅ ጥያቄ ነው።

ዶሮ ወጥ ቀርቦ እንቁላሉን ብቻ ለቅሞ እንደሚነሳ እንግዳ፣ “ፊስት ኦፍ ፊዩሪ”ንም እንዲሁ በልተውታል። የጃፓኖቹ አስተርጓሚ ሆኖ የሚሽኮረመመው ዌይ ፒንግ-አው አንድ እግር ሳያነሳ፣ በፈገግታና በአንገቱ አጣጣል ብቻ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስቆጣል። ብሩስ ሊ ጋሪ ጎታች መስሎ ሲመጣበት ደስ የሚለው አስቀድሞ የተናደደ ሰው ነው። እርስዎ ሳይናደዱ ደስ ይልዎታል፤ ይህ የመንፈስ ልዕልና ነው።

ሎ ሌህንም አንርሳው። በ1972 “ኪንግ ቦክሰር” ላይ ዋናው ሰው ነበር፤ ያ ፊልም አሜሪካ ደርሶ ለኩንግ ፉ መንገድ ከጠረጉት መጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1977 ግን ነጭ ቅንድብና ጺም ለጥፎ፣ ወንድ ልጅ ሊመታበት በማይወደው ቦታ የባላጋራውን እግር ቀርቅሮ የሚይዝ ክፉ ባሕታዊ ሆኖ መጣ። መሪነቱን ካዩ በኋላ ማን እንደሆነ ለመለየት ዓይኑን ማየት ይጠይቃል። ስለ ቅንድብ ከተነሳ፣ ላም ቺንግ-ዪንግ “ዘ ፕሮዲጋል ሰን” ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወት የኦፔራ ሰው ለመሆን የራሱን ቅንድብ ላጭቷል፤ በ1985 ደግሞ “ሚስተር ቫምፓየር” ላይ ቅንድቡን ገጥሞ፣ ፀጉሩን አሽብቶ የጎረምሶች መምህር ሲሆን 32 ዓመቱ ነበር። እርስዎ ያኔም “ሽማግሌው” ብለው አለፉት። ሜካፕ ሠሪው ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል።

ለክቡርነትዎ ልክ ተሰፍቶ የተሠራ ፊልም ቢኖር የ1978ቱ “ጌም ኦፍ ዴዝ” ነው። ብሩስ ሊ ጀምሮት ሳይጨርሰው ስለሞተ፣ በምትክ ሰዎች፣ በጥቁር መነጽርና በጨለማ ሞሉት፤ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም የፊቱን ፎቶ ከካርቶን ቆርጠው መስታወት ላይ ለጥፈው ቀረጹት። ዙሪያውን የቆሙት ተዋንያን በሥጋቸው ተገኝተው፣ ለካርቶን እየመለሱ፣ ከምትክ ሰው ዱላ እየተቀበሉ ሥራቸውን ሠርተዋል። እነሱን ፎርዋርድ አድርገው ካርቶኑ ላይ ሲደርሱ ቢያቆሙት ይበቃዎታል።