«ደንዝዟል እኮ!» ይቅርብን

እባካችሁ የጥርስ ሐኪሞች፣ ሰው «ዶክተር፣ እያመመኝ ነው» ሲል «ደንዝዟል እኮ፣ ፈርተህ ነው» አትበሉት። አመመኝ ካለ አሞታል። ምክንያት አለው፣ መላም አለው።

መጀመሪያ የምትወጉትን ዕዩ። ከብልቃጥ በተራ ሲሪንጅ የተቀዳ 2 በመቶ ሊዶኬይን (ማደንዘዣው) ላይ አድሬናሊን የሚል ካልተጻፈ፣ የለበትም። ሊዶኬይን የደም ሥር ስለሚያሰፋ ደሙ ቶሎ ጠርጎት ይሄዳል፤ ጥርሱን በቅጡ የሚያደነዝዘው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ከንፈሩ ግን ገና ድንዝዝ እንዳለ ነው። «ከንፈርህ ከበደህ?» «አዎ»፤ ከዚያ ጉጠት! ያው ሊዶኬይን የደም ሥር የሚያጠብበው አድሬናሊን ከ100,000 አንድ እጅ ሲኖረው ጥርሱን አንድ ሰዓት ገደማ ይይዛል።

በዚያ ላይ ሲሪንጁን ሞልቶ መድገም አለ። ባለ 5 ሚሊ ሊትሩ ሲሞላ 100 ሚሊ ግራም ነው። በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም ሲታሰብ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ጣሪያው 88 ነው። አንዱ ሲሪንጅ ብቻውን አለፈ ማለት ነው! ልጅ ሳይመዘን አይወጋ።

ሌሊቱን ሲጠዘጥዝ ያደረ የታች መንጋጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የተቆጣ ሥጋ አሲዳማ ስለሆነ መድኃኒቱ ወደ ነርቩ የሚገባው በትንሹ ነው፤ ነርቩም ራሱ ከመጠን በላይ ይነቃል። ከመንጋጋው ኋላ ለነርቩ የሚሰጠው መርፌ በትክክል ገብቶ፣ ከንፈር ደንዝዞም፣ ጥርሱ ሊያም ይችላል። ስለዚህ 10፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ስፕሬይ የራሰ ጥጥ ጥርሱ ላይ አድርጉ። ከተሰማው አልደነዘዘም። ያኔ በጉንጩ በኩል አንድ ካርትሪጅ (ተሞልቶ የሚመጣ ትንሽ የመድኃኒት ቱቦ) 4 በመቶ አርቲኬይን የተባለ ማደንዘዣ ጨምሩ፤ እዚህ ቦታ ላይ ከሊዶኬይን ይሻላል። ካልበቃ በጥርሱና በአጥንቱ መሃል ለየሥሩ 0.2 ሚሊ ሊትር። በጥርሱ ውስጥ ያለውን ነርቭ (ፐልፑን) መውጋት የመጨረሻው ነው፤ ለአፍታ ስለሚያም አስቀድማችሁ ንገሩት።

አርቲኬይን ጥሩ ነው ተብሎ ግን አይንቆርቆርም። ባለ 1.8 ሚሊ ሊትሩ ካርትሪጅ 72 ሚሊ ግራም ይዟል፣ የሊዶኬይኑ እጥፍ። በኪሎ 7 ሚሊ ግራም ሲታሰብ ለ50 ኪሎ ሰው አምስት ካርትሪጅ አይሞላም።

«ግፊት አለበት» ብሎ አድሬናሊንን ጨርሶ መተውም ልማድ ሆኗል። ሕመሙ ራሱ የሰውነትን አድሬናሊን ይለቃል እኮ! የልብ ሕመም ላለበት ሰው የተለመደው ገደብ 0.04 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 100,000ው ሁለት ካርትሪጅ ገደማ ነው። ጨርሶ ካልተፈለገ 3 በመቶ ሜፒቫኬይን የተባለው ማደንዘዣ ያለ አድሬናሊን ጥርሱን ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይይዛል። ጅማ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚመጣን ሰው «ዛሬ ቅመሃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል፤ አድሬናሊኑ በላዩ ላይ ሲደረብ አስቡት። የሚቆይ ሥራ ከሆነ ሳይቅም ጠዋት ይምጣ።

አወጋጉም ጥድፊያ አይወድም። መርፌው ከገባ በኋላ ፒስተኑን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፤ ደም ከመጣ ቦታ ቀይሩ። ከዚያ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር። አንዱ ካርትሪጅ ሁለት ደቂቃ ሊወስድ ነው፣ ይውሰድ! ካርትሪጁንም ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ አታስቀምጡት፤ ሙቀትና ብርሃን አድሬናሊኑን ያበላሹታል።

ጉጠቱ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ «ካመመህ ግራ እጅህን አንሳ» በሉት። ሲያነሳም አቁሙ።