ጀርባ ሰጥቶ የመሳለም ጥበብ

ሥዕልን ፊት ለፊት ቆሞ የሚያይ ሰው ጊዜው አልፎበታል። እግዜር ይስጣቸውና የዘመናችን ገዳም ጎብኚዎች ከዚህ ኋላ ቀር ልማድ ገላግለውናል። ባለፈው ሰሞን ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሄጄ ጥበባቸውን በዓይኔ አየሁ። መጀመሪያ ቀናሁ፤ ቆይቼ ተቀላቀልኩ።

ትምህርቱ የሚጀምረው ገና ሐይቁ ላይ ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጣና በግራም በቀኝም ተንጣሎ፣ በደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ እጁን አንሥቶ ሰላም ሲለን፣ ጀልባው ላይ ከነበርነው 11 ሰዎች ዘጠኙ ለሐይቁ ጀርባቸውን ሰጥተው ስልካቸውን ከፍ አድርገው ነበር። አሥረኛው ጀልባ ነጂው ነው፤ ሥራ ይዞት ስለሆነ አይፈረድበትም። አሥራ አንደኛው እኔ ነኝ፣ ገና አልሠለጠንኩም።

ከወደቡ እስከ ገዳሙ መንገዱ በቡና ደን መካከል ነው። የዘጌ ሰው የአቡነ በትረ ማርያምን ቃል አክብሮ በሬ ሳይጠምድ፣ መሬቱን ሳያርስ ይህን ደን ለዘመናት እንዳቆየው ይነገራል። እኛም ይህን ሁሉ ዘመን የተጠበቀ ጥላ ባገኘን ጊዜ ተገቢውን ምስጋና አቀረብን፦ «ፎቶ ያጨልማል» ብለን አማረርን።

ገዳሙ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ ይነገርለታል፤ ሥዕሎቹ ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ መካከሉ ላይ ያለው የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍኗል። አባ መጋረጃውን ሰብሰብ አድርገው በያዙት ዘንግ በላዔ ሰብእን አሳዩን። «ይኸውላችሁ ልጆቼ፣ ይህ ሰው 78 ነፍስ የበላ ነው» ብለው ጀመሩ። ታሪኩ ረጅም ነው። ለተጠማው ለምጻም ስለ እመቤታችን ስም ያጠጣው ጥርኝ ውሃ፣ ሚዛኑ፣ ሚዛኑ ላይ ያረፈው የእመቤታችን ጥላ ሁሉ ገና ይቀራል። የእኛ ሰዎች ግን አባ ከ78ቱ ነፍስ ሳይወጡ ግድግዳውን አዳርሰው ጨርሰው ነበር። ሠዓሊ ዕድሜውን የፈጀበትን በአራት ደቂቃ ማጠናቀቅ ቀላል ተሰጥዖ አይደለም።

በአገራችን የሥዕል ወግ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ከሁለት ዓይኑ ጋር ይሣላል። ኃጥእና ሰይጣን በጎን ናቸው፣ በአንድ ዓይን። ከመካከላችን አንዲት እኅት ግራ ጉንጯ እንደሚያምር ስለምታውቅ ግድግዳውን ተጠግታ ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፤ አንድ ዓይን ብቻ ቀረ። እጮኛዋም አጠገቧ ቆሞ እንደ እሷ ዞረ። ከኋላቸው ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮች በአንድ ዓይን፣ ከፊት እነሱ በአንድ ዓይን! ከሥዕል ጋር እንዲህ እስከመዋሐድ የደረሰ ጎብኚ አይቼ አላውቅም። ሠዓሊው ቢኖር ቦታ ይሰጣቸው ነበር፣ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ ግን አልናገርም።

እጮኛው ጥቂት ደክሞት ስለነበር ትከሻውን ወደ ግድግዳው አስደገፈ። ሥዕሉ በአቡጀዲ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ለትከሻ ይመቻል መሰለኝ። አባ አልተቆጡም። ዘንጋቸውን በዝግታ አግድመው በትከሻውና በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ መካከል አስገቡና ያዙት። ፎቶው እስኪያልቅ እንደዚያው ቆሙ፣ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ። እሱም ትሑት ነው፤ «አባ፣ ዘንጉን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ፣ ፎቶው ውስጥ ገባ» አላቸው።

በዚህ ጊዜ የእኔም ልብ ተነካ። ምን አለኝና ነው ብቻዬን አፌን ከፍቼ ግድግዳ የማየው? ስልኬን አወጣሁ፣ ዞርኩ፣ ለበላዔ ሰብእ ጀርባዬን ሰጠሁ። አንዴ ከዞሩ በኋላ ቀላል ነው። 146 ፎቶ አነሣሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጠበቀችኝ። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሎ ዘጌን ሳታይ የቀረች ሰው ናት። «እስቲ ኪዳነ ምሕረትን አሳየኝ» አለች። ስልኩን ሰጠኋት። መጀመሪያ የእኔን ጥርስ አየች። ቀጥሎ የእኔን ግንባር። በሦስተኛው ላይ ከግራ ጆሮዬ በላይ የሚዛኑ አንድ ወገን ብቅ ብሏል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሚዛኑ ነው፣ እማዬ።»

«እመቤቴስ?»

«ከጭንቅላቴ ኋላ ናት።»

አልተናገረችም። እየገፋች እየገፋች ሄዳ አንዱ ፎቶ ጥግ ላይ የሰማያዊ መጎናጸፊያ ጫፍ አገኘች። አማተበች፣ ስልኩን በሁለት እጇ ወደ ከንፈሯ አስጠጋች። ሆኖም ጣቷ መስተዋቱን ነክቶት ኖሮ ፎቶው አለፈና፣ እናቴ የባሕር ዳርን የዓሣ ጥብስ ተሳለመች።