የአልስተር ካውንቲ መዝገብና የእኛ ዝምታ

አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለዚህ አገር ባርነት ስናነሳ አሳባችን የሚሄደው ወደ ደቡቡ የጥጥ እርሻ ነው፤ ሰሜኑን የምናውቀው በነጻ አውጪነቱ ብቻ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሃድሰን ወንዝ ምዕራባዊ ዳር ያለውን አልስተር ካውንቲ በመኪና የሚያቋርጥ ሰውም የፖም እርሻውንና ያረጁትን የድንጋይ ቤቶች አድንቆ ከማለፍ በቀር ሌላ ነገር አይጠረጥርም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1790 በተካሄደው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ከካውንቲው ነዋሪ ከአሥሩ አንዱ ገደማ፣ ማለትም ወደ 2,900 የሚጠጋ ሰው፣ በባርነት የተያዘ ነበር። አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰው ሲሆን፣ እነዚህም ቀን በማሳና በማጀት ሲለፉ ውለው ሌሊት በጌቶቻቸው ምድር ቤት ወይም ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር።

በዚያው ካውንቲ የምትገኘውን ኒው ፓልትዝን የመሠረቷት በእምነታቸው ምክንያት ተሳደው ከአገራቸው የወጡ ሁጉኖት የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። እኔም ስደተኛ ነኝና፣ ከግፍ ሸሽቶ የመጣ ሰው መሬት ሲይዝ ሰውም መግዛቱ ከሁሉ በላይ ይከነክነኛል። በከተማዋ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 የእነዚህን መሥራቾች ስም ከተማሪዎች ማደሪያ ሕንፃዎች ላይ አንስቶ በአካባቢው ቦታዎች ስም ተክቷል።

በኋላ ባርነትን በመቃወም ንግግሯ ሶጆርነር ትሩዝ ተብላ የታወቀችው ኢዛቤላም የዚህ ካውንቲ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1797 አካባቢ ተወልዳ በሆላንድ ቋንቋ አፏን የፈታችው ይህች ሴት፣ በዘጠኝ ዓመቷ ከበግ መንጋ ጋር በ100 ዶላር ተሸጠች፤ እንግሊዝኛ ባለመቻሏም አዲሱ ጌታዋ ይደበድባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1826 ጨቅላ ልጇን ታቅፋ ከባርነት ወጣች። ትንሹ ወንድ ልጇ ፒተር ሕግ ተጥሶ ወደ አላባማ መሸጡን ስትሰማ ግን በኪንግስተን ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1828ም ልጇን አስመለሰች። ሕፃኑ ሲመለስ ገላው በግርፋት ጠባሳ ተሸፍኖ ነበር።

የኒው ዮርክ ሕግ ባርነትን በአንድ ቀን አላስወገደም። እ.ኤ.አ. የ1799ኙ አዋጅ ከዚያ ወዲያ ከባሪያ የሚወለዱትን ነጻ ቢልም፣ ወንዱ እስከ 28፣ ሴቷ እስከ 25 ዓመቷ የእናቷን ጌታ እንድታገለግል አስገድዷል። ጌቶች በዚህ ጉልበት ለመጠቀም ልጆቹን በየከተማው ማስመዝገብ ነበረባቸው፤ ኒው ፓልትዝ ዛሬም ይህን መዝገብ ይዛለች። የተጻፈው ለባለንብረቱ ጥቅም ነው፤ ቢሆንም ያ መዝገብ ባይኖር የብዙዎቹ ስም በጠፋ ነበር።

የእኛም አገር አዋጅ በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። በ1916 ዓ.ም. የወጣው ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ነበር፤ ባርነትን በሕግ ፈጽሞ የሻረው የ1934ቱ ነው። የእኛ ባርነት እንደ አሜሪካው በቆዳ ቀለም ብቻ የተሰመረ አልነበረም፣ ሁለቱን አንድ ማድረግም ስህተት ነው። «እኛ ግን እንደ ቤተሰብ ነበር የምናኖራቸው» የሚለውን መልስ ከአገሬ ሰዎች ስሰማ ግን፣ የአልስተር ገበሬዎች ልጆችም ስለ አያቶቻቸው ይሉት የነበረው ይህንኑ መሆኑ ትዝ ይለኛል። በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር ባለቤትነትን አያስቀርም። በእኛ ቤት ይህ ታሪክ በግልጽ አይነገርም፤ ልጅ ለጋብቻ ሲታጭ፣ አጥንት ሲቆጠር ብቻ፣ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነሳዋል፤ ያኔም የሚጠየቀው የተገዛው ሰው ዘር እንጂ የገዛው ሰው ዘር አይደለም።